የጎደሉኝ ሦስት ወራት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ ነው። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ይህንን ሳልናገር ብቀር ግን ውለታ የበላሁ ይመስለኛል።

ዲላ የምኖር የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበርኩ። የመንግሥት ሥራ የገባሁት ዘግይቼ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ያ ግን ለጡረታ አልተያዘልኝም። ባለቤቴ ዐርፏል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ምሕረት ትባላለች።

ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አንድ ሐሙስ ቀን የሰው ኃይል ቢሮ ተጠራሁ። ማኅደሬን የያዘው ትሑት ወጣት ነው። ወረቀቱን እያገላበጠ ሁለት ጊዜ ደመረ።

«መምህርት፣ አገልግሎትዎ ዘጠኝ ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው» አለኝ። «ለወርኃዊ አበል አሥር ዓመት መሙላት አለበት።»

ከአሥር ዓመት በላይ ማገልገሌን ነገርኩት። አንድ ደብዳቤ አውጥቶ አሳየኝ። ምሕረት ልጅ ሳለች ልቧን ታማ ነበር። ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ይዣት ስሄድ የአንድ ዓመት ፈቃድ ያለ ደመወዝ ወስጄአለሁ። ያለ ደመወዝ የቆዩበት ጊዜ ለጡረታ አይቆጠርም።

ግን ዓመቱን ሙሉ አልቀረሁም። እግዚአብሔር ረድቶን ቶሎ ስለዳነች በየካቲት ተመልሼ ክፍል ገብቻለሁ። ወጣቱ ማኅደሩን እንደገና ፈተሸ። መመለሴን የሚገልጽ ደብዳቤ የለም።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ደብዳቤ ሰጥቶኝ ነበር፤ አንዱ ለፋይናንስ፣ አንዱ ለማኅደሬ። ማኅደር የሚይዙት ሠራተኞች ለመስክ ሥራ ወጥተው ቢሮው ተዘግቶ ጠበቀኝ። ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ እየጠበቁኝ ስለነበር ሁለቱንም ፋይናንስ ትቼ ሄድኩ። ደመወዜ ሲጀምርልኝ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

«የተከፈለዎትን የሚያሳይ የደመወዝ መክፈያ ፔሮል ካመጡ እቆጥርልዎታለሁ፤ ግን ባመጡት ወር ልክ ነው» አለኝ። የጎደለኝ ሦስት ወር ነው። ማኅደሩ ሰኞ ጠዋት ወደ ዞን ይሄዳል።

ለምሕረት አልነገርኳትም። እናቴ በእኔ ሕመም ምክንያት እንጀራዋን አጣች እንድትል አልፈለግሁም። በማግስቱ በሌሊት ስወጣ ሕመምተኛ ልጠይቅ ነው አልኳት። ውሸት ነው፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ።

ያን ጊዜ አስተምርበት የነበረው ወረዳ ከይርጋጨፌ አልፎ ነው። ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። ፔሮሉን ካገኘሽ ኮፒው ላይ ማኅተም እናደርግልሻለን ብለው ወደ መጋዘኑ መሩኝ። እዚያ አቶ ዱካሌ የሚባል ሠራተኛ አገኘሁ።

በሩን ከፈተልኝ። የዓመታት ሰነድ በቡና ጆንያ ተሞልቶ፣ በቃጫ ታስሮ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጆንያዎቹ ላይ የትምህርት ቤት ስም የለም፤ ዓመተ ምሕረትም የለም። የሰው ስም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደመወዝ በባንክ አይገባም ነበር። ከፋዩ በየትምህርት ቤቱ ዞሮ ያስፈርመንና ፔሮሉን በራሱ ስም አስሮ ያስቀምጣል።

«ቲቸር፣ ከፋይሽ ማን ነበር?» አለኝ አቶ ዱካሌ።

ስሙ ጠፋኝ። ረጅም እንደሆነ፣ በሞተር ብስክሌት እንደሚመጣ፣ ፊርማችን ከመስመር ከወጣ እንደሚቆጣ ነገርኩት።

«ሳንቲም ሲጎድልበት እንባ የሚተናነቀው?»

«እሱ ነው።»

«ታደለ ነዋ» ብሎ ሳቀ። «የታደለ ጆንያ ዘጠኝ ነው። ከባድ ነው፤ አንቺ አትንኪ።»

አንድ በአንድ አወረዳቸው። እሱ ይፈታል፣ እኔ አነባለሁ። ዓርብ ስለሆነ እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ እሱ ግን ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ስድስተኛው ጆንያ ውስጥ የዚያን ዓመት የካቲት አገኘን። ስሜ ከነፊርማዬ፣ የጡረታ ቅናሹም አጠገቡ ተጽፏል። መጋቢትም ከሥሩ ነበር።

ሚያዝያን ስናነሣ ታችኛውን ጫፍ አይጥ በልቶታል። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ስም ሁልጊዜ የሚጻፈው ከታች ነው። ከእኔ በላይ ያለችው መምህርት ስም ይነበባል፤ የእኔ የለም። ግንቦትና ሰኔ ጆንያው ውስጥ አልነበሩም።

ሰዓቱ አሥር ተኩል አልፏል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቢሮው ይዘጋል። ቁጭ ብዬ «ይበቃል፣ ወንድሜ» አልኩት። በሆዴ ግን በአምላኬ ላይ አጉረምርሜ ነበር።

አቶ ዱካሌ ግን ሰባተኛውን ፈታ። ስምንተኛውን ፈታ። ዘጠነኛው ውስጥ የሌላ ዓመት ወረቀት ነበር፤ ከመካከሉ አንድ ጥቅል መዝዞ ብርሃን ላይ ዘረጋውና ጣቱን እስከ መጨረሻው መስመር ወሰደው።

«ያንቺ ዓመት ሰኔ ነው። ቲቸር፣ ነይ ስምሽን እዪ።»

በሩጫ ኮፒ አስደርገን ማኅተሙን ያገኘነው ሊዘጉ ሲሉ ነው። ገንዘብ ልሰጠው ብሞክር እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ስንት ሰው እንደዚህ እንደረዳ ጠየቅሁት፤ ብዙ አስተማሪ መጥቷል አለኝ። አንተስ ጡረታህ መቼ ነው አልኩት።

«እኔ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ነኝ፤ ማኅደር የለኝም» አለና የፈታቸውን ጆንያዎች መልሶ ማሰር ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ወጣቱ ሦስቱን ወር ጨመረልኝ። አሥር ዓመት ሞላ። አሁን አበሌን እየተቀበልኩ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በየወሩ ስቀበል ያ ሰው ቃጫ ሲያስር ይታየኛል፤ ደስታዬ ሙሉ ሆኖ አያውቅም።

ለምሕረት የነገርኳት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለደበቅኋት ተቆጣች፣ አለቀሰችም። ከዚያ በጸሎት ልታስበው የአቶ ዱካሌን የክርስትና ስም ጠየቀችኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም፣ የክርስትና ስም የለውም አልኳት።

«ታዲያ እግዜር ዱካሌ ሲባል አያውቀውም?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስንጸልይ ዱካሌ ብለን እንጠራዋለን።