ሁለት መቶ ጊዜ የሞቱት ሰው

እሰይ፣ ተገኘ! የዛሬው ትያትር አይሰረዝም!

በዮርክ ከተማ ቲኬት የምትቆርጠው ዶሪን ናት እንዲህ የፈነደቀችው። ንጉሡን ከድቶ የሚገድለውን ወዳጅ የሚጫወተው ጋሬት ቃል ይጠፋበታል፤ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስታውሱት ሴትዮም ትናንት ታመሙ።

ስማቸውን የማታውቀው አንድ ሽማግሌ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከትያትሩ አልቀሩም። ክርኑ የተጣፈ ካፖርት ለብሰው፣ ከተዋናዮቹ እኩል ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ንጉሡ ሲገደል ሰው ሁሉ ሲሳቀቅ እሳቸው ፈገግ ይላሉ።

ዛሬ ቲኬት ሲጠይቁ የትያትሩ ስም ከአፋቸው አመለጣቸው። ያ ስም ትያትር ቤት ውስጥ ከተጠራ መዓት ያመጣል ይባላል። ሽማግሌው ማንም ሳይነግራቸው መዓቱን ሊያከሽፉ ሮጠው ወጡ፤ ሦስት ጊዜ ዞሩ፣ እንትፍ አሉ፣ በሩንም አንኳኩ።

«ጥፋቴ ነው የኔ ልጅ፣ አስገቢኝ።»

«ውይ አባባ! ይሄንንማ የመድረክ ሰው ካልሆነ ማን ያውቃል? ማንን ሆነው ነበር የሚጫወቱት?»

«ንጉሡን። ሁለት መቶ ጊዜ ተገድያለሁ። ገዳዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የልብ ጓደኛዬ ነበር። ቃል ሲጠፋበት ሬሳ ሆኜ በተጋደምኩበት በሹክሹክታ አቀብለው ነበር።»

«በሉ ንቅንቅ እንዳይሉ!»

ዶሪን የቲኬቱን ጥራዝ እጃቸው ላይ ጣለችና፣ ቃል የሚያስታውሰው ሰው መገኘቱን ለጋሬት ልታበሥር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።