የሃራዳን ማርስ

ኮከብ ቆጣሪው ሃራዳን በከተማችን በራናጋት ስንት ሠርግ እንዳፈረሰ ማን ይቁጠረው! ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሱሮማ አንዷ ሰለባው ናት። በወጣትነቷ ደህና ሰው ለትዳር ቢጠይቃት፣ ሃራዳን «ማርስ ክፉ ቦታ ላይ ሳለች ነው የተወለደችው፤ ባሏ አይበረክትም» አለ፤ ሰውየውም ሌላ አገባ። ሱሮማ የሌሎችን የሙሽራ ልብስ ስትሰፋ ፀጉሯ ሸበተ።

አሁን ደግሞ የታላቅ ወንድሟን የኒታይን ልጅ፣ ጁምፓን፣ ሊያጯት የመጡ አሉ። ኒታይ ሆዬ እሺም እምቢም ለማለት የዚያኑ የሃራዳንን አፍ ይጠብቃል።

በዚህ መሃል የሰፈራችን ክበብ አዲሱ የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን የመጀመሪያ ፎቶዎች ለሕዝብ ሊያሳይ ተነሳ። የክብር እንግዳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሃራዳን! «ስለ ኮከብ ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል?» አሉ የኮሚቴው ሊቆች። አበባ አጠለቁለት፤ እሱም ማለቂያ የሌለው ንግግሩን ለቀቀብን። ፎቶዎቹ ሲመጡ ግማሹ ሰው ያንጎላጅ ነበር።

ሲመጡ ግን ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። ግድግዳው ላይ የተወጠረው አንሶላ በብርሃን ተሞላ። የሚያብራራው አስተማሪ «እያንዳንዷ ጭላንጭል የከዋክብት መንጋ ናት» ሲል ሱሮማ ተነሳች።

«ሃራዳን ባቡ፣ ማርስ የትኛዋ ናት?» አለችው፣ በአክብሮት ጠርታ።

ሃራዳን አላውቅም ማለት አልፈጠረበትም። አንሶላው ጥግ ላይ ያለች ቀይ ነጥብ በከዘራው ነካ።

«ያቻትና! በክፋት ስታፈጥ አትታይሽም?»

አስተማሪው መብራቱን አበራ። ፎቶው ጠፋ፤ ቀይዋ ነጥብ ግን እዚያው ተገትራ ቀረች። ለካ አንዱ ባለጌ ፓን የሚሉትን አፍ የሚያቀላ ቅጠል አኝኮ የተፋት ምራቅ ኖራለች!

«ባቡ፣ ፓን ሻጩን ይጠይቁት፤ ስንት ማርስ እንደሚቸረችር!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሳቁ አይጣል ነው። ኒታይ ከሁላችንም በላይ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሞኙ፣ «ጁምፓ ተረፈች» ብዬ ደስ አለኝ።

ሰው ሲበተን ኒታይ እንባውን ጠርጎ ወደ መድረኩ ሄደ። ጎንበስ ብሎ በአክብሮት የሃራዳንን እግር ነካ።

«ባቡ፣ ስለ ልጄ ጉዳይ ነገ ብመጣ ይመችዎታል?»

«ና» አለው ሃራዳን፣ አበባውን እያስተካከለ።

ሱሮማ ከኋላቸው ቆማ ትሰማ ነበር።

«ዳዳ» አለችው ወንድሟን፤ «እኔ አንዷ አልበቃሁህም?»

ኒታይ ግራ ቀኙን ገላመጠ።

«ቀስ በይ እንጂ» አላት፤ «ሰው ይሰማሻል።»