ሁለተኛው በሬ

አባቴ ድሃ መሆኑ በይፋ የታወቀለት በስተርጅናው ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ስንዴና ዘይት ማደሉን ትቶ ጥሬ ገንዘብ በስልክ መላክ ጀመረና፣ ሰሜን ሸዋ ባለው መንደራችን የሚረዱትን ለመምረጥ ሰዎቹ ቤት ለቤት ዞሩ። የኛ ቤት ሣር ክዳን ስለሆነ አባቴ ተመረጠ። ጎረቤታችን ግን ልጃቸው ዐረብ አገር ሳለች በላከችላቸው ገንዘብ ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰው ስለነበር “የሚችል” ተባሉ። ልጅቷ ከተመለሰች ቆይታለች፣ ቆርቆሮውም ዝጓል። እናቴ ያንን ቆርቆሮ ስትመኝ ነው የኖረችው። ሣር ክዳን አንድ ቀን ያበላል ብሎ የነገራት አልነበረም።

እኔ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ሥር ሳሙና፣ ፓስታና ዘይት የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከቤተሰቡ ከተማ የገባሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የቤቱ ሚኒስትር እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፣ የተቃወመኝም የለም። የመጀመሪያው ገንዘብ ሲገባ አባቴ ደወለልኝ። እናቴ ከጀርባው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ ትላለች። እኔ በሬ ግዛ አልኩት።

ምክንያት ነበረኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያለው አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም፤ ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። ስለዚህ እሱና ጎረቤታችን መቀናጆ ናቸው። የአባቴን ቀይ በሬና የጎረቤታችንን ጥቁር በሬ አንድ ላይ ይጠምዱና አንድ ቀን የኛን ማሳ፣ በማግስቱ የእሳቸውን ያርሳሉ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ነገር አልወደውም ነበር። መሬቱ ለስልሶ እያለ ቀኑ የእሳቸው ከሆነ የኛ ማሳ ቁጭ ብሎ ያያል። እሳቸውን ራስ ምታት ካመማቸው አባቴም አብሮ ታመመ ማለት ነው። እና አሁን እንኳ ራስህን ቻል፣ እስከ መቼ የሰው በሬ ትጠብቃለህ አልኩት። አባቴ “እስቲ ይሁን” አለ። እሱ እስቲ ይሁን ሲል እሺ ይሁን እምቢ አይታወቅም። ከሁለት ወር በኋላ በሬው ሲገዛ እሺ ማለቱ ነበር ብዬ ደመደምኩ።

ጮቤ ረገጥኩ። ሱቅ ለሚመጣው ሁሉ አወራሁ። አንዲት ደንበኛዬ በሬ ምን ይሠራለታል፣ ትንሽ ጨምሮ ባጃጅ አይገዛም ነበር ወይ አለችኝ። ጀሞ ላይ ምክር የሚያልቅበት ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ ስልክ ላይ ቁጥብ ሆነ። በሬው እንዴት ነው ስለው ደህና ነው ይላል። ጋሼስ? ደህና ነው። ጎረቤታችንን ከልጅነታችን ጀምሮ ጋሼ ነው የምንላቸው። እርሻውስ ስለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ስልኩን ለእናቴ ይሰጣታል። እሷ ደግሞ አሁንም ስለ ቆርቆሮ ነው የምታወራው።

ግንቦት ላይ፣ ገበሬ የተባለ ሁሉ ማሳው ላይ በሚውልበት ወቅት፣ ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዱላቸውን ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከላምበረት መናኸሪያ ታክሲ እየቀያየሩ፣ ሰው እየጠየቁ ነው የደረሱት። የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥኳቸው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ጎረቤቶቼ እንዴት እንደሆኑ እኔም አላውቅም፤ ደህና ናቸው አልኩ። ከዚያ ለቡ ሕንፃ የሚሠራበት የቀን ሥራ አለ ሲባል ሰምተው እንደመጡ ነገሩኝ።

“እርሻውስ ጋሼ?”

“መሬቱን ለእኩል ልሰጠው ነው። በሬውንም ቅዳሜ አውጥተው እንዲሸጡት ለቤት ነግሬያለሁ። አባትሽ ሁለት ሆነለት፣ እሰየው ነው። እኔ አንድ ይዤ ምን አደርጋለሁ?”

ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። አባቴ ሂድ አለዎት ወይ አልኳቸው። የለም አሉ። በሬውን ከገበያ እየነዳ ሲመጣ ከሩቅ አዩትና፣ ይሉኝታ ይዞት እንዳይጨነቅ እሳቸው ቀድመው ዞር አሉለት። ሌላ መቀናጆ ለምን አይፈልጉም ስላቸው፣ ሰው ሁሉ ጥንዱን ከያዘ ቆይቷል፣ በዚህ ዕድሜዬ ለመቀናጆ ደጅ አልጠናም አሉ። የአባቴን ሁለት በሬ መዋስስ? መዋስ ልመና ነው አሉኝ። መቀናጆ ግን መስጠትም መቀበልም ነው፣ ማንም ቀና ብሎ ይሄድበታል። እዚህ መሆናቸውን ለአባቴ እንዳልነግር አስማሉኝ፤ ይከፋዋል ብለው።

ነገሩ ገባኝ። ያ ጥቁር በሬ ከተሸጠ ጋሼ ገበሬነታቸው አበቃ። ገንዘቡ ባንድ ክረምት ጤፍ ተገዝቶበት ያልቃል። መሬቱን ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ እህሉ ለሁለት ይከፈላል፣ እሳቸው የገዛ ማሳቸው ዳር ቆመው ያያሉ።

ለቡ ሕንፃ የሚያሠራ አንድ ፎርማን ደንበኛ አለኝ። ጋሼን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸውና ብሎኬት ማቀበል ላይ አስገባቸው። ማታ ማታ እኔ ቤት ለማደር አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይወጣሉ፣ እያረፉ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ፉሪ ተራራ ላይ የተሰበሰበውን ደመና እያዩ “እዚያ ጥሏል” ይላሉ፤ አፈሩ አሁን ምን ያህል እንደረጠበም ይነግሩኛል። ጀሞ ላይ ያንን ደመና ለልብስ ማስጫ ካልሆነ ለሌላ ጉዳይ የሚያየው ሰው አልነበረም። አንጀቴን በሉት። መሐላዬን ግን ጠበቅሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እያነከሱ መጡ፤ ብሎኬት እግራቸው ላይ ወድቆባቸው ነበር። ውሃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩላቸው። እግራቸውን ነከሩና “ይሄኔ ተሸጧል” አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ጋሼ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። የመሐላውን ነገር ከንስሐ አባቴ ጋር እነጋገርበታለሁ ብዬ ስልኬን አነሳሁና ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ።

አባቴ ላይ ጮህኩበት። ጋሼ እኔ ቤት ሆነው ብሎኬት ሲሸከሙ ይውላሉ፣ አንተ በሁለት በሬ ትንደላቀቃለህ፣ እንዴት አንዲት ቃል አትነግረኝም አልኩት። 

“ምን ብዬ ልንገርሽ?” አለ። “በሬ ተገዛልኝ ብዬ ላልቅስ?”

ደግሞም የምን መንደላቀቅ ነው፣ በአዲሱ በሬ አንድ ፈር አላወጣሁም አለ። ለምን ስለው፣ ከቀዩ ጋር አይጠመድም፣ ሁለቱም የቀኝ ናቸው አለኝ። በሬ ለካ ወይፈን ሆኖ ሲገራ ከቀንበሩ አንዱን ወገን ይለምዳል። ቀኝ የለመደውን በግራ ቢጠምዱት ይዞራል፣ ይተኛል፣ ሲብስበት ቀንበር ይሰብራል። የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። በሬ እንደ መኪና ጎማ የትም ቢገጥሙት የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ የቱን ወገን እንደለመደ መጠየቅ ያቅትሃል አልኩት። ይህን ስል ጋሼ እግራቸውን ከሳፋው አወጡ።

“አባትሽ የበሬ ወገን ሳይጠይቅ ገዝቶ አያውቅም” አሉ ቀስ ብለው።

አባቴ ድምፃቸውን ለይቶታል። ሲናገር ግን እኔን ነው ያናገረው።

“ንገሪው። ቀዩ አርጅቷል፣ በየፈሩ ይተኛል። አምና ጥቁሩ ለብቻው ሲጎትት አይቻለሁ። ይሄኛውን የገዛሁት በቀዩ ቦታ በቀኝ እንዲገባ ነው፣ የግራ ከሆነው ከጥቁሩ ጋር።”

ጋሼም ወደ እኔ ዞረው፣ ታዲያ ያኔውኑ ለምን እንዳልነገራቸው እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። አንዱ ሌላውን በስፒከር እየሰማ እኔ መሃል ተቀምጬ አመላልስ ጀመር። አባቴ እንዳለው፣ እርዳታው ለእሱ መጥቶ ለጋሼ ስለቀረ ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ማየት ከብዶታል። በሬ እየነዳ ደጃቸው ቢሄድ ሊኩራራባቸው የመጣ እንዳይመስል ዛሬ ነገ እያለ ዘገየ። ሲሄድ አዲስ አበባ ገብቷል አሉት። ጠልቶኝ ነው ብሎ ተመለሰ። እህ! ሁለት ሽማግሌ እርስ በርስ ሲተዛዘኑ ሁለት ማሳ ጦም ሊያድር።

ጋሼ እኔን ረሱኝና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

“በሬዬስ?”

“ጥቁሩ? እኔ ጋ ነው። ዛሬ ጠዋት ገበያ ሲነዱት መንገድ ላይ ቆሜ መለስኩት፤ ጭድ እየበላልህ ነው። ባለቤትህ ተቆጥታኛለች፣ አንተው አስታርቀኝ።” ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። “የቀንበሩ ግራ አሁንም ባዶ ነው። ና።”

ጋሼ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከወዲያም የአባቴ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ማንም ዝጊው አላለኝም፤ ሁለቱ ሲያለቅሱ፣ የኔም ካርድ ሲያልቅ፣ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ።