ጺም ያወጣችው በሰለች

በሰለች ወስፌ ይዛ የጥቁር በግ ጠጉር ቁራጭ ቆዳ ላይ ትሰፋለች። ወስፌው ጣቷን በወጋት ቁጥር ትመጠውና ትቀጥላለች። ሰፍታ ስትጨርስ አገጯ ላይ አስራ ለአክስቷ ለእናናየሁ አሳየቻት።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ሰው በሰርግ ቀን ይኳላል፤ አንቺ ጺም ታወጫለሽ?»

«ጺም የሌለውን ዳኛ ማን ይፈራዋል አክስቴ?»

በሰለች ከልጅነቷ ጀምሮ የአንኮበርን ችሎት ቆማ ስታይ ነው ያደገችው። ተሟጋች እንዴት ሸማውን እንደሚያጣፋ፣ ዳኛ እንዴት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ምንጭ ዳር ታሳያለች፤ ልጃገረዶቹም እንስራቸውን አስቀምጠው ይስቃሉ። ኋላ ብቻዋን መጫወቱ አልበቃ አላት። «አንቺ እዚህ ቁሚ፤ አንተ በዚያ በኩል ተኮሳተር» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታሰልፍ ጀመር።

ይህ ወሬ ከወይዘሮ አሰገደች ጆሮ ደረሰ። የትልቅ ቤት እመቤት ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። «በሰርጉ አጫውቺን» አሏት። «እንግዳው ከሳቀ የቤቴ አጫዋች ትሆኛለሽ። ካልሳቀ ወደ እንዝርትሽ።» በሰለች እንዝርት አይሆንላትም፤ የፈተለችው ክር አይጥ የዋጠ እባብ ይመስላል።

በሰርጉ ጠዋት የመጨረሻውን ልምምድ አደረጉ። ከሳሿ እናናየሁ ናት፤ ዶሮዬን በላብኝ ትላለች። ተከሳሹ ጎረቤታቸው ሸማኔው ታመነ ነው። ዶሮ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። እንደ አገሩ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ የሸማቸው ጫፍ ተቋጥሮ ይቆራኛሉ። በሰለችም ጺሟን አጥልቃ ጫፉን ቋጠረችና በጎርናና ድምፅ፣ «በንጉሥ አምላክ! እስኪፈረድ ተቆራኙ!» አለች።

ከዚያ ጺሟን አውልቃ፣ «በሉ ልፍታችሁ» ስትል ታመነ እናናየሁን እየጎተተ ወደ ኋላ ዘለለ።

«እጅሽን ሰብስቢ! በንጉሥ ስም የታሰረውን ዳኛ እንጂ ማን ይፈታዋል?»

«ዳኛው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ስታስሪን ነበርሽ። አሁን ጺምሽን አውልቀሻል።»

«መልሼ ላድርገዋ!»

«የንጉሥ ስም የዕቃ ዕቃ ጨዋታ መሰለሽ?»

«እውነቱን ነው» አለች እናናየሁ። «እኔም ከንጉሥ አልጣላም።»

እንደተቆራኙ ወደ ሰርጉ ቤት ሄዱ። ታመነ እግረ ረጅም ነው፤ እሱ አንድ ሲራመድ እናናየሁ ሁለት ትሮጣለች። ሽንት ይዞት ቁጥቋጦ ጀርባ ሲሄድ ደግሞ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። በሰለች ከኋላቸው ጺሟን አስራ ትከተላለች፤ ልቧ ግን ወደ እንዝርቱ ሄዷል።

ዳሱ ውስጥ እውነተኛው ዳኛ አቶ ወልደ ሰንበት ጎድን ይግጣሉ። ሁለቱ ከፊታቸው ወደቁ።

«ጌታዬ ይፍቱን!»

«ነገሩን ሳልሰማ? ከሳሹ ማነው?»

እናናየሁ ልማድ አሸነፋትና፣ «እኔ ነኝ ጌታዬ! ገብስማ ዶሮዬን በላብኝ!» ብላ ጮኸች።

«የለችም ጌታዬ!» አለ ታመነ።

«በልተሃታል፤ እንዴት ትኖራለች?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

«ኖራም አታውቅ ማለቴ ነው!»

«ያልኖረች ዶሮ ገብስማ የሆነችው እንዴት ነው?» አሉ ዳኛው ጎድኑን አስቀምጠው። «ምስክር አለ?»

በሰለች ወደ ፊት ወጣች፤ ጺሟን ማውለቁን ረስታዋለች። ዳኛው ጺማቸውን ዳሰሱ። እሷም ሳታስበው ዳሰሰች። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ የእሷም አንገት ዘንበል አለ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እሷም አትቀርም፣ ጠረገች።

ከዚያ ሙሽራዋ በመሸፈኛዋ ሥር ኪ ኪ ኪ አለች። ሚዜዎቹ ተከተሉ፤ ሽማግሌዎቹም ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዳኛው በመጨረሻ ራሳቸው ፈነዱ።

«ያንቺ ጺም ከኔ ይበልጣል። አንቺው ፍቺያቸው!»

በሰለች ቋጠሮውን ስትፈታ እናናየሁ አኮረፈች። «ዶሮዬስ ቀልጣ ልትቀር ነው?»

«በሰለች፣ ከነገ ጀምሮ የቤቴ አጫዋች ነሽ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች ዕንባቸውን እየጠረጉ።

በሳምንቱ እመቤቲቱ በሰለችን ለወጥ የሚሆን ኮረሪማ ከነጋዴዋ ከረሒማ እንድታመጣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሰደዷት። ረሒማ ከገዢ ጋር እየተከራከረች ነበር። አንዴ ስልቻዋን ትቋጥራለች፤ አንዴ ትቀመጥበታለች፤ ገዢው ሲሄድ በዓይኗ ጠርታ ሲመለስ ፊቷን ታዞራለች። በሰለች ፀሐይ ላይ ቆማ ገበያው እስኪፈታ ስታያት ዋለች፤ ዳገቱንም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወጣች።

«ኮረሪማውስ?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች ከበር።

በሰለች ደጃፉ ላይ ስልቻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዘጭ ብላ ፊቷን አዞረች። «ወላሂ አልሸጥም! ሂጂልኝ!»

ኮረሪማው እዚያው አልዩ አምባ ቀረ።