ጓዳችን ያለው

የወሰዱኝ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ሙስካት፣ አል ሙዋሌህ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሁለቱ ልጆቼ ሳሎን ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን እያዩ። በሩን የከፈተው ባለቤቴ ነበር። ረጅም ነጭ ዲሽዳሻ የለበሱ ሁለት ወንዶችና የደንብ ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመዋል። "መዳም፣ ለአጭር ጥያቄ ነው የምንፈልግሽ" አለኝ አንደኛው በእንግሊዝኛ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቢጮህብኝ ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር። እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ቧንቧው ስዞር ሴትዮዋ "ያላ፣ ያላ" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እስር ቤት የገባሁት እጄ ሽንኩርት እየሸተተ ነው።

ጊዜው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነበር። አገር ቤት ወጣቶች ይታፈሳሉ፤ ሙስካት ያለነው ሐበሾች ስልክ ላይ ተጥደን እንውላለን። እኔ ነርስ ነበርኩ፣ ባለቤቴ መሐንዲስ። ዓርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ ወዳጆቻችን እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ዓርብ ደግሞ ለእኛ ጾም ነው። ሥጋ ስለማይቀርብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማን እርድ ነው ሳይል ከአንድ ትሪ ይበላል። ከተረኛነት ስመለስ ገበያ የምወጣበት ጊዜ ስለማይተርፈኝ ምስሩንም፣ የተረፈውን ሩዝም፣ የበቀለ ድንችም አገጣጥሜ ቤተሰቡንና እንግዳውን አጠግባለሁ። ሙያዬ እሱ ነበር፤ ከነርስነቴ ይልቅ እኮራበታለሁ።

ከእንግዶቻችን አንዱ በዕድሜ የገፉ የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። ወጣትነታቸውን አገር ቤት እስር ቤት የፈጁ፣ ሚስትና ልጆቻቸው አዲስ አበባ የቀሩ ሰው ናቸው። አንድ ዓርብ ምሳ ከተነሣ በኋላ "ለታሰሩት ልጆች ፊርማ አሰባስበን ለኤምባሲዎቹ እንስጥ" አሉ። ሁላችንም ፈረምን። ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ በዚያ አገር ክልክል መሆኑን እናውቅ ነበር። ማን እንደጠቆመብን ዛሬም አላውቅም።

ያስገቡኝ ክፍል ቢጫ ቀለም የተቀባ ነው። ከጣሪያው ሥር የእጅ ስፋት ያላት መስኮት አለች። ውጭ አስፋልቱ በሙቀት ይቀልጣል፣ ውስጥ ኤሲው ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ለቤታችን ኤሲ የምደርበውን ሹራብ እንደለበስኩ መያዜ ጠቀመኝ። ጥግ ላይ ጥቁር ሺላ የተከናነበች ሴት ደረቅ ኹብዝ፣ የዐረብ ቂጣ፣ በጣቷ እየፈረፈረች ፌስታል ውስጥ ትጨምራለች። ቀና ብላ አየችኝና አየሩን አሸተተች።

"ሽንኩርት ሸተትሽኝ እቴ። ከማድቤት ነው ያመጡሽ?"

"አዎ።"

"እኔንም" አለችና ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

የወሎ ልጅ ናት። ሲብ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ትሠራ ነበር። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ተይዛ፣ ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ቀርቶ፣ ወደ አገር የሚያስገባት ትኬት ትጠብቃለች። ከመቆየቷ ብዛት የጠባቂዎቹን የእግር ኮቴ ትለያለች። እያለቀስኩ ስታየኝ "አብሽሪ፣ ኢንሻ አላህ ይነጋል" እያለች ጀርባዬን ስታሻሽ አመሸች።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ የዑድ ሽቶ ይሸታል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ ተቀምጧል። አጠገቡ ፀጉሩ የሸበተ፣ ኮት የለበሰ ሐበሻ ተርጓሚ አለ። መርማሪው በዐረብኛ ተናገረ፤ ተርጓሚው ወደ እኔ ሳያይ ተረጎመው።

"ጓዳችሁ ማን ነው? ትእዛዝ የሚሰጣችሁ ጓድ?"

ጓድ! በደርግ ጊዜ ቀበሌው ሁሉ ጓድ እገሌ ነበር፤ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው። ወዲያው ሽማግሌው ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ደርሰውባቸዋል አልኩ በሆዴ። 

"ስሙን ብቻ ንገሪ፤ ዛሬ ማታ ከልጆችሽ ጋ ትሆኛለሽ" አለ ተርጓሚው። "እምቢ ካልሽ ወደ አገርሽ ይልኩሻል። እዚያ የሚቀበሉሽ ሰዎች አሉ።"

ራሴን አሞኛል፣ ነገ ልናገር አልኩ። መርማሪው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ መለሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ነገሩን አወጣሁ፣ አወረድኩ። ካወቋቸው ዝምታዬ ምን ይጠቅማቸዋል? ትንሿ ልጄ ያለ እኔ አትተኛም። እውነቱን ልናገር፣ ስማቸውን ልስጥ ብዬ ወሰንኩ። ስወስን ደግሞ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ምሳ መጣ፦ ሩዝ በዶሮ፣ በሌላ ሳህን ዳል የሚሉት ቀጭን የምስር ወጥ፣ ኹብዝ። ሴትዮዋ ዶሮውን አየችና ወደ እኔ አየች።

"የኛ እርድ ነው፤ አትበይውም አይደል?"

"ምንም አልበላም።"

"እንዴት ያለች ናት! ትላንትም አልበላሽም።" ፌስታሉን ከግድግዳው ሚስማር ላይ አወረደች። ያደረቀችው ኹብዝ ፍርፋሪ አለ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አለ፣ የሎሚ ግማሽ፣ ሽንኩርት፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ያገኘቻቸው ሁለት ቃሪያዎች። ዶሮውን ሳትነካ ወደ ጎን ገፋችው። "እኔም ዛሬ አልበላውም። በይ ተነሽ፣ ጓዳችን ያለውን እንሥራ።"

ቀና አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ጓዳችን ያለውን እንሥራ አልኩ። ምነው? ይቺን ፌስታል እኮ ጓዳ ነው የምላት።"

"ድገሚው እስቲ።"

"ያምሻል እንዴ እቴ? ጓዳችን፣ ያለውን፣ እንሥራ።"

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ፊርማው ከመፈረሙ በፊት በዚያው ዓርብ ጠዋት፣ ምን ገዝተን እንምጣ ብለው ለጠየቁኝ ወዳጆቼ በስልኬ የጻፍኩት መልእክት ትዝ አለኝ፦ "አትጨነቁ፣ ጓዳችን ያለውን እንሠራለን።" ስልኮቻችን አማርኛ ስለማያውቁ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ በራሳችን ፊደል ብጽፈውም ግን ለውጥ አልነበረውም። "ያለውን" ሲባል ለ ከጠበቀ ጓዳ ውስጥ የሚገኘውን ማለት ነው፤ ከላላ ጓዳችን የተናገረውን፣ ጓድ እገሌ ያዘዘውን ይሆናል። በአፍ ሲነገር የሚሳሳተው የለም። ሲጻፍ ግን ማጥበቅና ማላላት አይታይም፤ ምስሬን አመፅ አድርገው አንብበውታል።

ስለ ሽማግሌው የሚያውቁት ነገር አልነበረም ማለት ነው። ልሰጣቸው የነበረው በእጃቸው የሌለውን ሰው ነው። ሳቅሁ፤ ሳቄ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ሴትዮዋ ደንግጣ "ቢስሚላህ" እያለች ጭንቅላቴን ያዘችው። ስነግራት እሷም አፏን በሺላዋ አፍና ሳቀች።

"ወላሂ፣ ለጓዳም ይታሰራል!"

ከዚያ ምሳ ሠራን። ዳሉን ለሻይ በሰጡን ፍል ውሃ አሞቀችው፤ እኔ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በማንኪያ ጠርዝ ቀጠቀጥኩ። ኹብዙን ፈትፍተን፣ ጨውና ሎሚ ነካ አድርገን አሸነው። ንጹሑን ቅያሪ ሺላዋን ወለሉ ላይ አነጠፈች፤ መሬት ላይ አንበላም አለች። የመጠጫ ውሃዋን በኩባያ አነሣችና ፊቴ ተንበረከከች።

"እጅሽን ዘርጊ።"

"ለምን ታባክኚዋለሽ? የምትጠጪው ነው።"

"ዘርጊ አልኩሽ። ቤተሰብ ሳይታጠብ አይበላም።"

ቀስ እያደረገች አፈሰሰችልኝ። ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ሽንኩርት ያን ጊዜ ለቀቀኝ። እሷ ቢስሚላህ አለች፣ እኔ አማተብኩ፤ በላን። ጥሩ ነበር አልልም። ኹብዙ ትንሽ ሻግቶ ነበር። ግን ሆዴ ሲሞላ ፍርሃቴ ቦታ እያጣ ሄደ፤ ስማቸውን እንደማልሰጥ ያወቅኩት እዚያ ወለል ላይ ነው።

በማግስቱ ተርጓሚውን ቀጥ ብዬ አየሁት።

"ጋሼ፣ መልእክቴን እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።"

ጋሼ ስለው ደነገጠ። መርማሪውን አስፈቅዶ አነበበ። "ያለውን" ሲል አላላው።

"ያጥብቁት።"

"እ?"

"ለ ላይ ጠበቅ ያድርጉት ጋሼ።"

 ቀስ ብሎ፣ አጥብቆ ደገመው። ስልኩን የያዘ እጁ ወደ ጠረጴዛው ወረደ። ለመርማሪው በዐረብኛ ረጅም ነገር ነገረው፤ "መጥበኽ" የምትለዋን ብቻ ሰማሁ፣ ማድቤት ማለት ነው። የመርማሪው ፊት ቀላ።

"ማፊ ረፊቅ?" አለ ወደ እኔ ዞሮ። ጓድ የለም ወይ ማለቱ ነው።

"ማፊ" አልኩ። መልእክቱን በተመለከተ የነገርኩት እውነት ነው። ጓድ ባይባሉም ሽማግሌው ግን እውነት ነበሩ፤ እሳቸውን እዚያው ሆዴ ውስጥ ተውኳቸው።

መርማሪው ስልኬን አነሣና ባለቤቴ ጋ ደወለ፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ። መጀመሪያ የትኛው ዓርብ እንደሆነ ነገረው፤ ከዚያ "የዚያን ቀን ምሳ ምን በላችሁ?" አለው በእንግሊዝኛ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ምን እንደበላ ቢጠየቅ አያውቅም። ስንቴ ተጣልተንበታል! አሁን ዶሮ ቢል፣ ከሱቅ ገዝተን ቢል አለቀልኝ።

"አላስታውስም" አለ ባለቤቴ። "ገበያ አልወጣንም ነበር። ቤት ያለውን ነው የሠራችው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው። ደኅና ናት?"

መርማሪው ስልኩን ዘጋው። ተርጓሚው በር ድረስ ሸኘኝና፣ ጠባቂዋ ሳትሰማ "እኔ ያደግሁት በጓድ ዘመን ነው እህቴ፤ ጓዳ ትዝ አላለኝም" አለኝ። ተሳስቶ ይሁን፣ አውቆ ይሁን ልጠይቀው አልቻልኩም።

ለአገሬ መንግሥት አልሰጡኝም። ሰው ሰብስባችኋል ብለው ግን የመኖሪያ ፈቃዳችንን ሰረዙት፤ ቤተሰቡ በሙሉ ባጭር ጊዜ ውስጥ እንዲወጣ ታዘዘ። ከክፍሉ ስወጣ ሴትዮዋ የፍርፋሪውን ፌስታል እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ለልጆችሽ።"

"አንቺስ?"

"ኹብዝ ነገም ይሰጡኛል። ውሰጂው።"

እኔ የምሰጣት አልነበረኝም። ያንን ኤሲ እያሰብኩ ሹራቤን አውልቄ አለበስኳት። በሩ ሲዘጋ እጅጌውን ስታስተካክል አየኋት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። አገር ከገባሁ በኋላ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ብጠይቅም የሚያውቃት አላገኘሁም።

የመጨረሻዋን ዓርብ ቤታችን ባዶ ነበር። ዕቃው ለሰው ታድሏል፣ መደርደሪያው ተራግፏል። የቀረው አንድ እፍኝ ምስርና ያ ፌስታል ነው። ፈትፍቼ ወለል ላይ አቀረብኩ። ትልቋ ልጄ "ማሚ፣ ምንድነው ይሄ?" አለችኝ። "ጓዳችን ያለው" አልኳት፣ አጥብቄ። ባለቤቴ እያለቀሰ በላ። ያን ቀን የበላውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ገብተዋል። ልጆቻቸውን ድረዋል፤ አንዳንድ ዓርብ ሚስታቸውን ይዘው እኛ ቤት ይመጣሉ። ምን ሠራሽ ይሉኛል፤ ያለውን እላቸዋለሁ። ሌላውን አልነገርኳቸውም፤ ምስራቸውን በደስታ እንዲበሉ እፈልጋለሁ።

ቤታችን ውስጥ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ቢሆንም እንግዳ ሲመጣ ውሃውን በማንቆርቆሪያ ይዤ የማስታጥበው ራሴ ነኝ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ውሃውን ሳፈስ ያቺ ሴት ትመጣብኛለች፣ ሹራቤን ለብሳ፣ ኩባያዋን ይዛ። እሷን ማን አስታጠባት ይሆን እላለሁ።