አንድ ሴራሚክ ሲጎድል

ሴራሚክ አንጣፊው ክፉ አመል አለበት፤ አንዲት ሴራሚክ እንኳ ከመለጠፉ በፊት ወለሉን ሙሉ በደረቁ ይደረድራል። የሥራ ጓደኞቹ «ሰውዬው ወለል ሁለት ጊዜ ነው የሚያነጥፈው» እያሉ ያሾፉበታል። ይሹፉ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሥራውን አማርሮበት አያውቅም።

አሁን ጉልበቱ እምቢ ስላለው፣ ይህ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አዳራሽ የመጨረሻ ሥራው ነው። ሲሚንቶ የምታቦካለት ሴት ልጁ ናት። ከዚሁ ትምህርት ቤት፣ ከሰባተኛ ክፍል፣ እናቷ የታመመች ጊዜ ያስወጣት እሱ ነው። «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብሏት ነበር። ትንሹ ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ። ይቅርታ ሊላት ስንቴ አፉን ከፍቶ ስንቴ ዘጋው! እዚህ ግቢ ከገባ ወዲህማ ዓይኗን ማየት አቅቶታል።

ሴራሚኩ አሥር ሺህ አራት መቶ አራት ነው። ፋብሪካው ስለተዘጋ አንድም ተጨማሪ አይገኝም። ዳይሬክተሯ «አደራ፣ አንድም እንዳይቆረጥ፣ አንድም እንዳይተርፍ» ብላዋለች። እሱም አስልቶ አገኘው፤ መቶ ሁለት በመቶ ሁለት፣ ጥርት ያለ ካሬ። ዙሪያውን የሚተርፈው ክፍት ቦታ በሲሚንቶ ይሞላል።

ታዲያ ሌላውን ሁሉ በደረቁ ደርድሮ የመጨረሻዋን ሴራሚክ ሲያነሳ እጁ ከዳው። ወድቃ እንክትክት አለች።

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኩል እኩል ረድፍ ይወጣው እንደሆነ፣ የቀረውን አሥር ሺህ አራት መቶ ሦስት ያካፍል ጀመር። ለሁለት እምቢ፣ ለሦስት እምቢ፣ ለሰባት እምቢ፣ ለአሥራ ሦስትም እምቢ። ወይ ጣጣ! እንዲህ ያለ ግትር ቁጥርም አለ? ላብ በላብ ሆነ።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለች ልጁ።

ስብርባሪውን አሳያት። ጥቂት አሰበችና ስምንት ጠጠሮች ለቅማ ደረደረች፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት።

«ይኸው፣ አንድ የጎደለው ካሬ» አለች። ሁለቱን ጠጠሮች አንስታ በጎን አቆመቻቸው። ሁለት ረድፍ፣ አራት አራት ሆነ። «የኛም የመጨረሻ ረድፍ አንድ ነው የጎደለው። እናንሳውና በጎን እናቁመው።»

መቶ አንዱን ሴራሚክ እያነሱ በየረድፉ ጫፍ አንዳንድ ጨመሩ። መቶ አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ መቶ ሦስት። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። እስከ መቶ አንድ ድረስ እያካፈለ ማን ይዘልቃል!

ዳይሬክተሯ መጥታ የሆነውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ ይሄን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ!» አለችው።

አሜን ብሎ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ልጁ እንደሆን አትናገርም።

«የኔ ጭንቅላት አይደለም፤ የሷ ነው» አለ። «ከዚህ ግቢ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። አስታማሚ ሲያስፈልገኝ እሷን አየሁ፤ ወንድሟን አላየሁም። በድያታለሁ።»

ልጁ ወደሱ ዞር አላለችም። የሲሚንቶ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ዳይሬክተሯን አየቻት።

«የማታ ትምህርት አላችሁ?» አለች። «ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ።»