የአራተኛው ሲኒ ወተት

እሑድ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ኮልፌ ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። በማግስቱ ጾመ ነነዌ ይገባ ስለነበር ዕለቱ ከወተት ጋር ለጥቂት ቀናት የምንሰነባበትበት ነበር። ይህን አስቀድሜ የማነሳው ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የተንጠለጠለው በወተት ላይ ስለሆነ ነው።

የቡና ማሽኗን ልጄ ለገና በዓል ይዛት መጣች። የሥራ ባልደረባዋ የሰጣት ስጦታ መሆኗን ከመናገር በቀር ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በቤታችን ያልተነገረ ነገር አይጠየቅም። የአጠቃቀም መመሪያውን ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ማኪያቶ ለመሥራት ካፕሱል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የታሸጉ ኩባያዎች ያስፈልጋሉ፤ መጀመሪያ የወተቱ፣ ቀጥሎ የቡናው። ወተቱ ካፕሱሉ ውስጥ ዱቄት ሆኖ ይቆይና ማሽኗ ሙቅ ውኃ ስትገፋበት አረፋ ሆኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል የማሽኗን አፍ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ በመመሪያው ላይ የለም፤ እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

«እማዬ፣ ማሽን እኮ ናት፤ ሕፃን አይደለችም» ትለኝ ነበር ልጄ።

አባቷ በሕይወት ስለሌለ በእሷ ጉዳይ በቤታችን ስም የሚናገረው ታላቅ ወንድሜ ነው። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ደንበኛ አንዲት ብሎን ሊገዛ ቢመጣ እንኳ ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ ዋጋ አይነግረውም። በዕለቱም ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ሶፋው ላይ ተቀምጦ ውሳኔውን አሳወቀን፤ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ መልሱ ከፋሲካ በኋላ ይሰጣል።

ልጄ ማዕድ ቤት ሆና ሰማችው። የምትወደው ሰው በግንቦት አጋማሽ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ይዛወራል። መልሱ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ እሱ ብቻውን ይሄዳል፤ ሠርጉም መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ አይኖርም።

«ጋሼ፣ ያኔ እኮ እሱ ሊሄድ ነው» አለችው ከበሩ ጀርባ።

«ለድሬዳዋ መንገድ አለው» አለ ወንድሜ።

ሽማግሌዎቹ ገቡና ቆሙ። ትልቁ በኮልፌ ገበያ ለብዙ ዘመን ጨርቅ የነገዱ፣ በዱላ የሚሄዱ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው አስኮ የሚኖሩ ጨዋታ አዋቂ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሰላምታ በቀር ቃል ያልወጣቸው ጢማም ሰው ነበሩ። ወንድሜ እንዲቀመጡ ለመናቸው፤ ቃላችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። ቃላቸውን ተናገሩ፤ ሰማን ተባሉ፤ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ሁለት ደንቦች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። መልስ ያላገኘ ሽማግሌ ከሙሽራዋ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም። የቤቱ እመቤት ደግሞ የተቀመጠን ሽማግሌ ባዶ ጠረጴዛ ፊት አታቆይም። ስለዚህ ማቅረብ የእኔ ግዴታ ነበር፤ አለመቅመስ የእነሱ። ማንም የማይጠጣውን አራት ማኪያቶ፣ ሦስቱን ለሽማግሌዎቹ አንዱን ለወንድሜ፣ በሙሉ ጥንቃቄ ለመሥራት ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ።

የቀረው የወተት ካፕሱል ለሦስት ሲኒ ብቻ የሚሆን ነበር። ሦስቱን ሠራሁና ለአራተኛው፣ ለወንድሜ ለሚሆነው፣ ከፍሪጅ የላም ወተት አውጥቼ አሞቅኩ፤ በሹካም መታሁት። አረፋው ከማሽኗ አረፋ በላይ ቆመ። ልጄ አየችውና ትሪውን አንስታ ሄደች።

ሲኒዎቹ በየፊታቸው ተቀመጡ። ወንድሜ የራሱን ከሌሎቹ ጋር አስተያየ።

«የእኔ ከእንግዳ በላይ ሞልቶ?» አለና ሲኒውን አንስቶ ዝም ብለው ለተቀመጡት ሽማግሌ አቀረበ፤ የእሳቸውን ወደ ራሱ ሳበ። ደንብ ነው፤ ማንም ነገሬ አላለውም።

ከዚያ በኋላ አምስታችንም አረፋው ሲሰምጥ ተመለከትን። እንዲህ ያለ ጸጥታ የማውቀው በፈተና አዳራሽ ብቻ ነው። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዱላቸው ላይ ደራርበው ሲኒያቸውን በሐዘን ያዩታል።

«ማሽን ነው የሠራው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ድምፁን ሰማሁት። ያመመው ሰው የሚያቃስት መስሎኝ ነበር።»

የአስኮው ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው በተከፈተው በር ወደ ማዕድ ቤት ተመለከቱ። «ይህቺን ቀይ ማሽን አውቃታለሁ። ካርቶኗን ታቅፌ ከአየር ጤና ታክሲ የተሳፈርኩት እኔ ነኝ። ረዳቱ ወንበር ይዛለች ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለባት።»

ወንድሜ ቀና አለ። «የማን ናት?»

«የልጃችን ናት እንጂ። ለገና ለልጃችሁ የሰጣት።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ማዕድ ቤቱ ዞርኩ፤ ልጄ እዚያ ቧንቧ ከፈተች።

«እንግዲያው ሽማግሌ ሳይላክ ጥሎሽ ገብቷል» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

«ጥሎሽ አይደለም፤ ስጦታ ነው» አሉ የአስኮው ሽማግሌ።

«ከወንድ ቤት ወጥቶ ሴት ቤት የገባ ዕቃ ጥሎሽ ነው።»

«ይሁንልዎ። ከገና ወዲህ ከማሽኗ ጠጥተዋል?»

ወንድሜ እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር፤ አንድም ቀን አንድ ሲኒ ብቻ ጠጥቶ አያውቅም።

«ስለዚህ እርስዎ የእኛን ቀምሰዋል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ዓይናቸው ከሲኒው አልተነሳም። «አሁን አንድ ነገር ታሰበኝ። ማሽኗ የልጃችን ናት፤ ካፕሱሉንም የገዛው እሱ ነው። እንግዲህ ይህ ማኪያቶ የራሳችን ነው። ሰው የራሱን ቢጠጣ ከሙሽራ ቤት ቀመሰ ይባላል?»

«ውኃውስ?» አለ ወንድሜ።

«ውኃ ለመንገደኛም ይሰጣል።»

«መብራቱስ?»

«መብራት የመንግሥት ነው።»

«የምትከፍለው እህቴ ናት። ሲኒውስ?»

«ሲኒውን አንጠጣውም።»

በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ወገኖች በዚህን ያህል ቁም ነገር የተከራከሩበት ግን ትዝ አይለኝም። ወንድሜ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ስኳሩ የማን እንደሆነ ተጠየቀ፤ ስኳር የጨመረ እንደሌለ ተረጋገጠ። ማንኪያው ለጊዜው ወደ ጎን ተደረገ። ማሽኗ የቆመችበት ጠረጴዛ የሟች ባለቤቴ መሆኑን ወንድሜ አስታወሰ፤ ትልቁ ሽማግሌም ነፍሱን ይማረው ብለው ወደ ክርክሩ ተመለሱ።

በዚህ መካከል ሲኒ ከማስቀመጫው ጋር ሲነካካ ተሰማ። እስካሁን ዝም ብለው የቆዩት ሽማግሌ ባዶ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ጢማቸው ላይ ነጭ አረፋ ነበር።

«ይቅርታ» አሉ። «እየቀዘቀዘ ነበር።»

የአስኮው ሽማግሌ በደስታ ጉልበታቸውን መቱ። «ምንም አይደል። የራሳችንን ነው የጠጡት።»

ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ። በደንብ ጉዳይ ላይ እንደማልዋሸው ያውቃል። «የእሳቸው ወተት ከካፕሱሉ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ካፕሱሉ አልበቃም። ያ ሲኒ ለአንተ የተሠራ ነበር። ወተቱ ከፍሪጅ ነው።»

«የቤታችን ወተት?»

«የቤታችን።»

ትልቁ ሽማግሌ ዱላቸውን ጨበጡ። ከልባቸው አዘኑ። መልስ ሳይሰጠው የቀመሰ ሽማግሌ ተነስቶ ይሄዳል፤ በምትኩም ሌላ ሽማግሌ ይላካል። ሌላ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ተለምኖ፣ ተስማምቶ እስኪመጣ ሁዳዴ ይገባል። ከማዕድ ቤቱ የልጄ እስትንፋስ የተሰማኝ መሰለኝ።

«ደንብ አፍርሰናል» አሉ ትልቁ። «ለልጃችን ምን ብለን እንደምንነግረው አላውቅም።»

«ጢም ነው ጉድ ያደረገን» አሉ የአስኮው ሽማግሌ፤ ቀጥለውም ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ግን ሲኒውን በእጅዎ ያቀረቡላቸው እርስዎ ነዎት።»

«እንግዳ ላክብር ብዬ ነው።»

«አክብረው አስቀመሱን።»

ወንድሜ ከፊቱ ያለውን ሲኒ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አዞረው። ያቀረቡለትን የቀመሰ እንግዳ ማባረር ነውር ነው፤ በመጀመሪያ ቀን እሺ ማለትም ነውር ነው። በመጨረሻ ነገ ጠዋት በስልክ እነግራችኋለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ትልቁ ግን ከበሩ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ልጄ፣ የእኔው ከካፕሱሉ ነበር?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው የራሴ ነው» አሉና ቆመው፣ የበረደውን፣ በአንዴ ጨለጡት።

ከሄዱ በኋላ ልጄ ሲኒዎቹን እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ ሆን ብለሽ ነው?»

«ሰዎቹ አራት ነበሩ፤ ወተቱ ለሦስት ነበር» አልኳት። ማሽኗንም ጠረግኳት።

በማግስቱ ሰኞ፣ ወንድሜ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ጾመኛ ስለነበር የማቀርብለት ነገር አልነበረም። ተቀመጥ ስለው ቃሌን ሳልናገር አልቀመጥም አለ፤ ሳሎኑ መካከል ቆሞ ኮቱን ቆለፈና ልጄን አስጠራት። ወተታችን የተቀመሰበት ጥያቄ በቀጠሮ አይከርምም አለ። ልጅቷ ትሰጣለች። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ድሬዳዋ አብረው ይሄዳሉ። ማሽኗ ግን ዛሬውኑ ካርቶኗ ውስጥ ገብታ ወደ ወንድ ቤት ትመለስ፤ በጥሎሹ ቀን በሽማግሌ ታጅባ፣ እንዳላየናት ሆነን በደንቡ እንቀበላታለን። ያን ቀን የወተቱ ካፕሱል በቤቱ ለሚገኝ ሰው ሁሉ የሚበቃ ይሁን፤ ከፍሪጁ ምንም አይወጣም። ይህን ከተናገረ በኋላ ተቀመጠ።